ከጨርቅ ቀፎ እስከ ወረቀት እጥፋት፤ የአየር ፊልትሮ ታሪክና የሚኒባስ ባለንብረት ምርጫ

በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ለቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ የአየር ፊልትሮ ለመግዛት የሚመጣ ባለንብረት ወይም ሾፌር ከመደብሩ ባንኮኒ ፊት ሲቆም የሚቀርብለት ምርጫ በሁለት ቃላት የተጠቃለለ ነው፤ «ኦሪጅናል» ወይም «ሌላ»። ኦሪጅናል የሚባለው የመኪናው ፋብሪካ ስምና ቁጥር የታተመበት ነው። ሌላው ደግሞ ከመኪናው ፋብሪካ ውጪ ያለ አምራች በራሱ ስም ያወጣው፣ በልኩ ግን ከመጀመሪያው ጋር የሚስማማ ተተኪ ዕቃ ነው። የዋጋቸው ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው በኪሱ ነው፤ ኪሱ የፈቀደለት ደግሞ በስሙ ይወስናል። ዳሩ ግን ዋጋም ሆነ ስም ማጣሪያው ስንቱን አቧራ እንደሚያስቀርና ስንቱን እንደሚያሳልፍ አይናገሩም። ሚኒባስ የአንድ ቤተሰብ መተዳደሪያ በሆነበት ከተማ ሞተር ያለ ጊዜው ተበልቶ ተከፈተ ማለት መኪናው ለሳምንታት ይቆማል፣ የብድሩ ወለድ ይቆጥራል፣ ሾፌሩና ረዳቱም ያለ ሥራ ይቀመጣሉ ማለት ነው።

እነዚህ ሁለት ስሞች ከየት እንደመጡ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል፤ በታሪኩ መጀመሪያ ላይ ኦሪጅናል የሚባል የአየር ማጣሪያ አልነበረምና። የፎርድ ኩባንያ ከ1908 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. 15 ሚሊዮን ያህል ያመረተው ሞዴል ቲ ከፋብሪካ የሚወጣው ያለ ማጣሪያ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ካርቡራቶሩ አየሩን ከነአቧራው ይስባል፤ አቧራውም ከዘይቱ ጋር ተለውሶ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል እንደ ወፍጮ ይሠራል። ማጣሪያ የፈለገ ባለመኪና ከሌላ ነጋዴ ገዝቶ ያስገጥም ነበር። ስለሆነም ዛሬ በጥርጣሬ የሚታየው «የሌላ ሠሪ ዕቃ» በአየር ማጣሪያ ረገድ በዕድሜ ታላቅ ነው፤ ኦሪጅናሉ ነው ኋላ የተወለደው።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ እርሻዎች ላይ ትራክተር እየተስፋፋ ነበር። የትራክተር ዕጣ ከመኪና የባሰ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ራሱ በሚያስነሳው አቧራ ውስጥ ነውና። በ1915 ፍራንክ ዶናልድሰን የተባሉ የቡል ትራክተር ኩባንያ የሽያጭ መሐንዲስ፣ የሞተሩ በቶሎ መበላት ያስቸገረውን አንድ ገበሬ ለመርዳት ሲሉ ከአየር መሳቢያው ላይ ቧንቧ ወደ ላይ አቁመው በጫፉ ጨርቅ የለበሰ የሽቦ ቀፎ ገጠሙ። አየሩ ከአቧራው ደመና ከፍ ካለ ቦታ ይሳባል፤ የተረፈውን አቧራ ጨርቁ ይይዛል። ኋላ በስማቸው የተጠራው ኩባንያ ስለ አመሠራረቱ ሲተርክ እንደሚለው፣ ዶናልድሰን ለዚህ ሥራቸው ያገኙት ምስጋና ሳይሆን ስንብት ነበር፤ ማጣሪያ መግጠም ትራክተሩ ጉድለት አለበት ብሎ እንደ መናገር ተቆጥሮባቸዋል። እሳቸውም ከቤተሰባቸው ጋር ሆነው ማጣሪያ ማምረት ጀመሩ።

ይህን የአንድ አለቃ ግትርነት ብቻ አድርጎ ማየት አይገባም። ፋብሪካው የሞተሩን ዕድሜ የሚገምተው በሙከራ ቤቱ አየር ነው፤ ገበሬው የሚያውቀው ግን በማሳው አየር ነው። በሁለቱ አየሮች መካከል ያለው ልዩነት እስካልተለካ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ትክክል ነን ብለው መከራከር ይችላሉ። መለካቱ ብዙ አልዘገየም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ እርሻ ግቢ የነበሩ መሐንዲሶች የትራክተር አየር ማጣሪያዎችን አቧራ እያበሉ ይፈትኑ ጀመር። የፈተናው ሐሳብ እጅግ ቀላል ነው፤ የታወቀ ክብደት ያለው አቧራ ይሰጣል፣ ማጣሪያው ያመለጠው ይመዘናል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ደረጃዎች ሁሉ በመሠረቱ የዚህ ሐሳብ ዝርዝር ናቸው።

ማጣሪያ የመኪናው አካል ሆኖ ከፋብሪካ መውጣት ሲጀምር ለብዙ ዓመታት የነገሠው ባለ ዘይት ገንዳ ማጣሪያ ነው። አየሩ ከላይ ወደ ታች ይወርድና ከዘይቱ ገጽ ላይ በድንገት ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ከበድ ያለው አቧራ መታጠፍ ስለማይሆንለት ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፤ ቀለል ያለው ደግሞ በዘይት በራሰ የሽቦ መረብ ይያዛል። በ1950 ማምረት የተጀመረው የቮልስዋገን ትራንስፖርተር ቫን በዚህ ዓይነት ማጣሪያ ለሃያ ዓመታት ያህል ሠርቷል። የትራንስፖርተር ሞተር ከኋላ የተቀመጠ እንደ መሆኑ በአስፋልት በሌለ መንገድ ላይ የራሱን ጎማዎች አቧራ እንዲስብ የተፈረደበት ነበር። ባለ ዘይቱ ማጣሪያ ትልቅ መልካምነት ነበረው፤ አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም፣ አሮጌውን ዘይት ደፍቶ፣ ጭቃውን አጥቦ፣ አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ መሙላት ብቻ ይበቃል። ነገር ግን ብቃቱ በአየሩ ፍጥነት ላይ የተመሠረተ ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር አየሩ በዝግታ ይታጠፋል፣ አቧራውም አብሮ ይታጠፋል። መንገደኛ እየጠበቀ ሞተሩን ሳያጠፋ ለሚቆም መኪና ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ክርክሩ ከእርሻና ከመንገድ ወደ ሰማይ ወጣ። የእንግሊዝ አየር ኃይል ስፒትፋየር ማርክ 5 ተዋጊ አውሮፕላኖቹን ወደ ሰሜን አፍሪካና ወደ ማልታ ሲልክ የበረሃው አሸዋ ሞተሩን እንዳይጎዳው ቮክስ የተባለውን ማጣሪያ ከአፍንጫው ሥር አስገጥሞ ነበር። ይህ በመንግሥት የጸደቀው፣ በዛሬው አነጋገር ኦሪጅናሉ ማጣሪያ ነው። ሞተሩን ይጠብቃል፤ ግን እንደ ተንጠለጠለ አገጭ ወደ ፊት ገፍቶ የወጣ ትልቅ አካል ስለነበር አውሮፕላኑን ያዘገየዋል። ለተዋጊ አብራሪ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ማጣሪያውን አውልቆ መብረር ደግሞ ሞተሩን በጥቂት ጊዜ ውስጥ መግደል ይሆናል።

መፍትሔው የመጣው ከለንደን አልነበረም። በግብፅ፣ ከአሌክሳንድርያ አጠገብ ባለችው በአቡኪር የሰፈረው 103ኛው የጥገና ክፍል ከቮክስ ያነሰና ለነፋስ የተሻለ ቅርጽ ያለው ማጣሪያ በራሱ አውደ ጥናት ሠራ። የአቡኪር ማጣሪያ ተብሎ የታወቀው ይህ ነው። በባለሥልጣን ያልታቀደ፣ በመስክ ባለሙያዎች የተሠራ ተተኪ ዕቃ ከኦሪጅናሉ በልጦ ተገኘ። ሆኖም የበለጠው ተተኪ በመሆኑ አይደለም፤ የሠሩት ሰዎች በየዕለቱ የተበሉ ሞተሮችን እየከፈቱ የሚያዩ ስለነበሩና ሥራቸውም ወዲያው በበረራ ስለሚፈተን ነው። በኋላ የወጡት የስፒትፋየር ዓይነቶች ከሞተሩ ሽፋን ጋር የተዋሐደ፣ የሚያምር ቅርጽ ያለው ማጣሪያ ይዘው ከፋብሪካ ወጡ፤ በበረሃ የተገኘው ትምህርት እንደገና ኦሪጅናል ሆነ ማለት ነው።

ጦርነቱ በተካሄደባቸው በ1940ዎቹ ሌላ ጸጥ ያለ፣ ግን የበለጠ ዕድሜ ያለው ሥራ በአሜሪካ ተከናወነ። ሁለት ማጣሪያዎችን ለማወዳደር ሁለቱም አንድ ዓይነት አቧራ መብላት አለባቸው። አቧራ ደግሞ ከመንደር መንደር ይለያያል፤ አንዱ ሸክላ የበዛበት፣ ሌላው ሻካራ አሸዋ ነው። ስለዚህ ከአሪዞና በረሃ አቧራ ተሰብስቦ፣ ተነፍቶ፣ «ደቃቅ» እና «ሻካራ» በሚሉ ሁለት ደረጃዎች ተመደበ። አቅራቢው የጄኔራል ሞተርስ ቅርንጫፍ የነበረው ኤሲ ነው። የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር በዚሁ አቧራ ላይ የተመሠረተ የፈተና ደንብ አወጣ። የአንድ ሙያ ማኅበር አባላት ተሰብስበው በአንድ ጆንያ አፈር ላይ መስማማታቸው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት አምራች ሁሉ የፈተነው በራሱ አቧራ ስለነበር የማንም ቁጥር ከማንም ቁጥር ጋር ሊወዳደር አይችልም ነበር። ኤሲ በ1992 አቧራውን ማቅረብ ሲያቆም ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1997 አይ.ኤስ.ኦ. 12103-1 የተባለውን የአቧራ ደረጃ አወጣ። የማጣሪያው ፈተና ደንብ ደግሞ አይ.ኤስ.ኦ. 5011 ነው። የአሪዞናው አቧራ ከክብደቱ 70 በመቶ ያህሉ ሲሊካ ነው፤ የሲሊካ አሸዋ ዋና ማዕድን የሆነው ኳርትዝም በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ ይቀመጣል። በእርግጥ ከመቂ እስከ ሐዋሳ ባለው የስምጥ ሸለቆ መንገድ ላይ የሚነሣው የእሳተ ገሞራ አመድ የበዛበት አቧራ ከአሪዞናው ጋር አንድ አይደለም። የደረጃው ጥቅም ግን የየአገሩን አቧራ መወከሉ ሳይሆን ሁለት ማጣሪያዎችን በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጡ ነው።

በዚህ ሚዛን የሚገኘው ቁጥር እንዴት እንደሚነበብ ማወቅ ከቁጥሩ ይበልጣል። አንዱ ማጣሪያ 99.5 በመቶ፣ ሌላው 98 በመቶ ቢያስቀር ገዢው ልዩነቱን አንድ ተኩል በመቶ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ሞተሩ ግን የሚቆጥረው የቀረውን ሳይሆን ያለፈውን ነው። ለምሳሌ 2.8 ሊትር የሆነው የሃይኤስ ናፍታ ሞተር በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር በሰዓት 140 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይስባል። በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ 1,400 ሜትር ኩብ መሆኑ ነው። በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 1 ሚሊግራም አቧራ አለ ብለን ብንነሣ በቀን 1.4 ግራም፣ በ300 የሥራ ቀናት 420 ግራም አቧራ ወደ ማጣሪያው ይመጣል። የመጀመሪያው ማጣሪያ ከዚህ ውስጥ 2.1 ግራም ያሳልፋል፤ ሁለተኛው 8.4 ግራም። አራት እጥፍ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በዓይን የማይታየው፣ ከ5 እስከ 20 ማይክሮን የሚሆነው ብናኝ ነው፤ ውፍረቱ በፒስተን ቀለበትና በሲሊንደር ግድግዳ መካከል ካለው የዘይት ሽፋን ጋር ስለሚቀራረብ በሁለቱ መካከል ገብቶ ይፈጫል።

ወረቀት ባለ ዘይት ገንዳውን ያሸነፈው በዚህ ምክንያት ነው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሬዚን የተነከረና ብዙ ጊዜ የታጠፈ ወረቀት በአሜሪካ መኪናዎች ላይ ተስፋፋ፤ ቮልስዋገንም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደዚያው ተሻገረ። የወረቀት ማጣሪያ በዝግታም በፍጥነትም ይሠራል። አንድ እንግዳ ባሕርይም አለው፤ አዲስ ሳለ ካለው ብቃት ይልቅ ጥቂት ከሠራ በኋላ ያለው ይበልጣል፤ በላዩ የሚጋገረው የአቧራ ሽፋን ራሱ ማጣሪያ ይሆናልና። በየጋራዡ የተለመደው የኮምፕሬሰር አየር ልማድ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ማጣሪያውን በየሳምንቱ የሚያስነፋ ሾፌር በየሳምንቱ ወደ ዝቅተኛው ብቃቱ ይመልሰዋል፤ የአየሩ ግፊት ወረቀቱን በመርፌ ቀዳዳ ያህል ከበሳው ደግሞ የመጀመሪያው ግዢ ኦሪጅናል መሆኑ ትርጉም ያጣል። በኢትዮጵያ ጋራዦች ለሚደርሰው የሞተር መበላት፣ ከመጥፎ ዕቃ ምርጫ ይልቅ ጥሩውን ዕቃ በመንፋት ማበላሸት የበለጠ ድርሻ ቢኖረው አያስገርምም።

የወረቀት ዘመን የስሞቹንም ነገር አወሳሰበው። የመኪና ፋብሪካዎች ማጣሪያን ራሳቸው ከመሥራት ይልቅ ለልዩ አምራቾች ማዘዝን መረጡ። የቶዮታን የአየር ማጣሪያዎች ከሚያመርቱት አንዱ የሆነው ቶዮታ ቦሾኩ ዘሩ የሚቆጠረው ሳኪቺ ቶዮዳ በ1918 ካቋቋሙት የጥጥ መፍተያና መሸመኛ ኩባንያ ነው፤ ክር የፈተሉ እጆች ወደ ማጣሪያ መሻገራቸው ለሙያው ባዕድ አይደለም። በጀርመን ሉድቪግስቡርግ ከተማ በ1941 የተቋቋመው ማን ኡንት ሁመል ደግሞ ለመኪና ፋብሪካዎች ያቀርባል፤ በራሱ ስምም ለመለዋወጫ ገበያ ይሸጣል። በዚህ ዓይነት ሁኔታ ኦሪጅናልና ተተኪ የሚለያያቸው ካርቶኑ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በአንጻሩ ስም ብቻውን አገርን እንኳ አይናገርም፤ በጃፓን የቼሪ አበባ የተሰየመው ሳኩራ ፊልትሮ የሚመረተው በኢንዶኔዥያ ነው። ይህም ነውር አይደለም፤ ስም የፈተና ውጤት አለመሆኑን ለማሳየት ያህል ነው።

ሕግም ወደዚሁ አዘነበለ። በአሜሪካ በ1975 የወጣው የማግነሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ አምራቹ ዋስትናውን የራሱን ስም የያዘ ዕቃ ከመግዛት ጋር እንዳያስተሳስር ከለከለ። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1400/2002 ደግሞ ከኦሪጅናሉ ጋር በጥራት የሚመጣጠን መለዋወጫ የሚለውን መደብ በሕግ አወቀ።

ተተኪዎቹ ሁሉ ግን ኦሪጅናሉን ለመምሰል የሚደክሙ አይደሉም። በ1969 በካሊፎርኒያ ኬን ጆንሰንና ኖርም ማክዶናልድ የጀመሩት፣ በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት ኬ ኤንድ ኤን የተባለው ማጣሪያ ዘይት በነካው የጥጥ ጋዝ የተሠራ፣ እየታጠበ ዳግመኛ የሚገባ ነው። ተቀዳሚ ተስፋው አየርን በቀላሉ ማሳለፍና ኃይል መጨመር ነው። ለእሽቅድምድም መኪና ይህ ሚዛን ትክክል ነው፤ ሞተሩ ለጥቂት ውድድሮች ብቻ ይፈለጋልና። ለሚኒባስ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከ101 ኪሎ ፓስካል ወደ 76 ገደማ ወርዷል፤ ተራራው ብቻውን 25 ኪሎ ፓስካል ወስዷል። ንጹሕ የወረቀት ማጣሪያ የሚወስደው አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። ማጣሪያው ጨርሶ ቢወልቅ እንኳ የሚገኘው ይኸው ነው፤ አየር በቀላሉ የሚያሳልፈው ማጣሪያ የሚመልሰው ደግሞ የዚሁ ከፊል ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ በዘይት የሚሠራው ማጣሪያ ከታጠበ በኋላ የሚቀባው ዘይት ካነሰ አቧራ ያሳልፋል፤ ከበዛ ደግሞ አዳዲሶቹ በኮምፒዩተር የሚመሩ ሞተሮች የሚስቡትን አየር የሚለካውን ስስ ሽቦ ሊያቆሽሽ ይችላል።

ነዳጅ ይቆጥባል የሚለውም ወሬ ተፈትኗል። በአሜሪካ የሚገኘው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2009 ባወጣው ጥናት፣ በኮምፒዩተር የሚመሩ የቤንዚን መኪናዎች ማጣሪያቸው ቢደፈን ፍጥነት የመጨመር አቅማቸው እንጂ የነዳጅ ፍጆታቸው አልተለወጠም፤ የካርቡራቶር ዘመን መኪና ግን አዲስ ማጣሪያ ሲገባለት ከ2 እስከ 6 በመቶ መሻሻል አሳይቷል። የናፍታ ሚኒባስ ባለቤት ከዚህ የሚወስደው በጥንቃቄ መሆን አለበት፤ ናፍታ ሞተር አየር ሲያጥረው ነዳጁን በሙሉ ሳያቃጥል በጥቁር ጭስ ያወጣዋልና። ስለዚህ ማጣሪያ መለወጥ የሚገባው ተቃውሞው በመለኪያ ወሰኑን ሲያልፍ ነው፤ በብዙ ናፍታ ሞተሮች ዘንድ ወሰኑ 635 ሚሊ ሜትር የውሃ ዓምድ፣ ማለት ወደ 6 ኪሎ ፓስካል ነው። መለኪያው ርካሽ ነው፤ በሚኒባስ ላይ ተገጥሞ የሚታየው ግን ከስንት አንድ ነው።

በሶማሌ ተራው ባንኮኒ ላይ ከኦሪጅናልና ከተተኪው ሌላ ሦስተኛ ዓይነት ዕቃ መኖሩም አይዘነጋም፤ የኦሪጅናሉን ካርቶን አስመስሎ የሚሸጥ ሐሰተኛ ዕቃ። በራሱ ስም የሚቆም ተተኪ አምራች ቢያንስ ስሙን አስይዟል፤ አስመሳዩ ያስያዘው የሌላ ሰው ስም ነው። በስም ብቻ የሚገዛ ሰው ለዚህ ዕቃ ተመቻችቷል። ብዙ መኪና ያላቸው ማኅበራት በጅምላ ሲገዙ አስመጪውን በአይ.ኤስ.ኦ. 5011 የተገኘውን የመነሻና የሙሉ ዕድሜ ብቃት በጽሑፍ እንዲያቀርብ ቢጠይቁት አግባብ ነው፤ ዕቃውን በእርግጥ ያስፈተነ አምራች ይህ ቁጥር አለው። አንድ መኪና ብቻ ያለው ባለንብረት ደግሞ ወረቀቱ በእኩል መታጠፉን፣ ጫፎቹ በሙጫ መዘጋታቸውን፣ ከሁሉም በላይ የዙሪያው ጎማ ለስላሳና ያልተቆረጠ መሆኑን በእጁ ሊያይ ይችላል። ሁለት ሚሊ ሜትር ያጠረ ጎማ 99.5 በመቶ የሚያጣራውን ወረቀት ከንቱ ያደርገዋል፤ አየር በቀለለው መንገድ ያልፋልና።

ከተገጠመ በኋላም ሁለት ምስክሮች አሉ። አንደኛው በተለወጠ የሞተር ዘይት ናሙና ውስጥ የሚገኘው የሲሊከን መጠን ነው፤ ላቦራቶሪ ይጠይቃል። ሁለተኛው ምንም አይጠይቅም፤ ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ከማጣሪያው ቤት ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ፈትቶ ውስጡን በነጭ ጨርቅ መጥረግ ነው። ጨርቁ ደረቅ አቧራ ይዞ ከወጣ ወይ ወረቀቱ ወይ ጎማው ወይ የማጣሪያው ቤት መቆለፊያ አልያዘም፤ በካርቶኑ ላይ የታተመው ስም የማንም ቢሆን።